የልብስ ገመዱን ነገር በመጀመሪያው ሳምንት ተነጋገሩበት

(ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚሄዱ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ደሴ ላይ በተዘጋጀ የሽኝት ምሽት የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው።)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አሰላሙ አለይኩም። እንደምን አመሻችሁ እናቶች፣ አባቶች? እንደምን አመሻችሁ ልጆች?

ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? እሺ። ወንበር ያጣችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑና መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ወንበር መሻማት በቅርቡ የየቀን ሥራችሁ ስለሚሆን ከአሁኑ መልመድ ነው። (ሳቅ)

አዘጋጆቹ "ስለ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ንገሪልን" ብለው ነው የጠሩኝ። ስለ ትምህርቱ ከእኔ በፊት የነበሩት መምህራን በደንብ ተናግረዋል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። እኔ የምናገረው ስለ ዶርም ነው። ስለ ዶርም ብቻ። ዶርምን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። በ1996 ዓ.ም. ከዚህ ከደሴ ተነስቼ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ተማሪ ሆኜ ኖርኩበት። ኋላ ደግሞ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ብሎክ ፕሮክተር፣ ማለትም የመኝታ ሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ሆኜ ለዓመታት ሠራሁ። የዚያን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም፤ የማወራው የሰው ልጆች ገመና ነው። ተማሪዎቹ "ማዘር" ነበር የሚሉኝ። ገና ሠላሳ ሳይሞላኝ ማዘር! (ሳቅ)

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛው ስለ አልጋና ሎከር ነው። ሁለተኛው ስለ ሆድና ኪስ። ሦስተኛው ስለ ጸብ። ረጅሙ ሦስተኛው ነው፤ የመጣሁትም ለእሱ ነው።

በቅድሚያ ግን አንድ ጥያቄ። ከመካከላችሁ ዶርም አድሮ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። አዎ፣ አዎ፣ ብዙ ናችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ስለጀመረ፣ ብርድ ልብሳችሁን ተሸክማችሁ ገብታችሁ አድራችሁ ወጥታችኋል። ስለዚህ "ዶርምን እናውቀዋለን" ትሉ ይሆናል። አታውቁትም። ያኔ ያደራችሁት በእንግድነት ነው። እንግዳ ያልተመቸውን ነገር ችሎ ያልፋል፤ "ለጥቂት ቀን ነው" ይላል። አሁን የምትሄዱት ግን ለአራት ዓመት ነው፤ ኢንጂነሪንግ የገባ ለአምስት፣ ሕክምና የገባ ከዚያም በላይ። አራት ዓመት ሙሉ ችሎ ማለፍ አይቻልም። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ አንደኛው። አልጋና ሎከር።

የፍሬሽ ተማሪዎች የዶርም ምደባ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በስም ፊደል ተራ ነው፤ በእንግሊዝኛው ፊደል። ስለዚህ ከማን ጋር እንደምታድሩ የሚወስነው አያታችሁ ያወጡላችሁ ስም ነው። ጅማ እኛ ክፍል ውስጥ ሦስት ልጆች አንድ ስም ነበራቸው። አንዷ ከአርሲ፣ አንዷ ከአዲስ አበባ፣ አንዷ ከአድዋ። በር ላይ ቆሞ ስም የጠራ ሰው ሦስት "አቤት" ነው የሚሰማው። ሲቸግረን በአልጋቸው ጠራናቸው፤ "የላይኛዋ"፣ "የመስኮቷ"፣ "የበሯ"። የበሯ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ስትደውልልኝ አሁንም "የበሯ ነኝ" ነው የምትለኝ።

ግቢ እንደደረሳችሁ ፍራሽ፣ አልጋ፣ ሎከር፣ ቁልፍ ትረከባላችሁ፤ ትፈርማላችሁ። ፕሮክተር ሆኜ የታዘብኩት፣ አይቶ የሚፈርም ተማሪ ብርቅ ነው። አውቃለሁ፣ መንገዱ አድክሟችኋል፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ከኋላ ይገፏችኋል። ቢሆንም እዩ። የሎከሩ በር ይዘጋል? የአልጋው ብረት ደህና ነው? የመስኮቱ መስታወት አልተሰነጠቀም? የተበላሸ ካለ ያኔውኑ አስመዝግቡ። ያላስመዘገባችሁት ስብራት በስማችሁ ነው የሚጻፈው። ግቢ ስትለቁ ክሊራንስ የሚባል ነገር አለ፤ ከላይብረሪ፣ ከካፌ፣ ከንብረት ክፍል፣ ከዶርም ፊርማ እየለቀማችሁ የምትዞሩበት። ጋውኑን ለብሶ ፎቶ ሊነሳ የቸኮለ ልጅ፣ እሱ ሳይመጣ በፊት የተሰበረ መስታወት ሲከፍል አይቻለሁ።

ጓጉንቸር ከቤት ያዙ፤ ሁለት ቁልፍ ያለው። ሁለቱንም ቁልፍ ሎከሩ ውስጥ ትታችሁ እንዳትቆልፉ ብቻ። ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን በየዓመቱ የመጀመሪያውን ወር የማሳልፈው መዶሻ ይዤ ጓጉንቸር ስሰብር ነበር።

እናቶች፣ የብርድ ልብሱን ነገር አንድ ልበላችሁ። እኛ ጦሳ ሥር ያደግን ሰዎች ነን፤ ብርድ የሌለበት አገር ያለ አይመስለንም። ልጃችሁ አርባ ምንጭ ወይም ጋምቤላ ከተመደበ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ተዉትና አጎበር ግዙለት። እዚያ የሚያስቸግረው ወባ ነው።

ወደ አልጋው ልመለስ። ቀድሞ የደረሰ የታችኛውን አልጋ ይይዛል፤ ያልተጻፈ ሕግ ነው። በእኔ ብሎክ አንዲት ልጅ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ለማንም አልተናገረችም። ዘግይታ ስለገባች የላይኛው አልጋ ደረሳት፤ ዝም ብላ ወጣች። ማታ ማታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አዙራ ከአልጋው ብረት ጋር እያሰረች ነበር የምትተኛው። ዶርም ሜቶቿ "ይቺ ልጅ ምን ነክቷታል?" እያሉ ይሳሳቁ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ዶርም ውስጥ ጣላትና አዩ። በዚያው ማታ የታችኛው አልጋ የነበራት ልጅ፣ ማንም ሳያዛት፣ ፍራሿን ተሸክማ ወደ ላይ ወጣች። ከዚያ ሁሉም ተያይዘው ግቢው ክሊኒክ ሄዱና ነርሷን ጠየቁ፤ ሲጥላት በጎኗ ማስተኛት፣ አፏ ውስጥ ምንም ነገር አለመክተት፣ ክብሪት እየጫሩ አለማሽተት።

እኔን የሚቆጨኝ እስከዚያ ድረስ ታስራ ያደረችባቸው ሌሊቶች ናቸው። አስም ያለባችሁ፣ ስኳር ያለባችሁ፣ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለስድስቱም አላልኩም። ለአንድ ሰው።

ሌላ ደግሞ፣ በመጀመሪያው ወር ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚለቀስ ልቅሶ አለ። ጠዋት ዓይኑ ያበጠ ሁሉ "ጉንፋን ይዞኝ ነው" ይላል። ብሎኩ በሙሉ ጉንፋን! (ሳቅ) ወንዶቹም ብሎክ እንደዚያው ነው፤ ባልደረቦቼ ነግረውኛል። አብሽሩ፤ ያልፋል። የእናንተ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ሆድና ኪስ። እዚህ ላይ አላበዛም።

ወይ የካፌ ተመጋቢ ትሆናላችሁ፣ ወይ ነን ካፌ ሆናችሁ ገንዘቡን ተቀብላችሁ ራሳችሁ ትበላላችሁ። መንግሥት ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመድበው የምግብ ገንዘብ ለረጅም ዓመታት 15 ብር ነበር፤ ኋላ 22 ሆነ፤ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ 100 ብር ገብቷል። ሽሮው ግን ያው ሽሮ ነው። (ሳቅ) ደግሞ በነጻ እንዳይመስላችሁ። ኮስት ሼሪንግ የሚባለው ውል የተጀመረው እኔ በገባሁበት ዘመን ነው፤ ስንፈርም ምን እንደሆነ የገባን ጥቂቶች ነበርን። የምግቡና የመኝታው ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ የተወሰነው ድርሻ በስማችሁ ይያዛል፤ ሥራ ስትይዙ የምትከፍሉት ዕዳ ነው። ስለዚህ ጠጠር ያለበት ምስር ቢቀርብላችሁ በተማሪዎች ኅብረት በኩል በሥርዓት ጠይቁ። "በነጻ እየበላችሁ" የሚላችሁን አትስሙት።

በሶ ያዙ። ቆሎ ያዙ። ዳቦ ቆሎ ያዙ። ከቤት የመጣ ነገር በዶርም ሕግ የስድስት ሰው ነው፤ እናቶች ይህን አውቃችሁ ስፈሩ። ለአርሲዋ ልጅ ጭኮ ይላክላት ነበር፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ። ቅቤው ለእኔና ለአድዋዋ የጾም ቀን አይሆንም፤ ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ የእኔን በሶ፣ በሌላው ቀን የእሷን ጭኮ እንበላ ነበር። እንዲህ ሆኖ ሁለቱም ሳያልቅ ብዙ ቆየ።

ስለ ኪስ አንድ ነገር ብቻ። ብር የማይላክለት ልጅ በየዶርሙ አለ። "ኑ ቡና እናዋጣ" ሲባል "ራሴን አሞኛል" ብላ ተሸፋፍና የምትተኛ ልጅ፣ ብዙ ጊዜ ራሷን አላመማትም። እኛ ብልሃት አበጀን፤ ብር ያላት ቡናውን ትገዛለች፣ ብር የሌላት ከብሎኩ ጀርባ በከሰል ታፈላለች። ማን ምን እንደሌለው ሳይነሳ አቦሉም በረካውም ይጠጣል። ዶርም ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ማፍላት ግን ክልክል ነው። ስሙኝ፣ ክልክል ነው። የአንድ ክፍል ሶኬት አንድ ወይም ሁለት ነው፤ እሱ ላይ ዲቫይደር፣ ዲቫይደሩ ላይ ስድስት ስልክ፣ ከስልኮቹ ጎን ምድጃ። ሽቦው ሲቀልጥ የሚሸተውን ሽታ እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ። ስንቱን ምድጃ ቀምቻለሁ፤ ስንቷ ረግማኛለች።

አሁን ሦስተኛው። ጸብ።

ወላጆች ምን እንደምትፈሩ አውቃለሁ። ቅድም በር ላይ አንዲት እናት እጄን ይዘው "ልጄን ለማን ነው የምሰጣት?" አሉኝ። በ2012 ዓ.ም. በብዙ ግቢዎች ተማሪዎች ዶርማቸውን ጥለው የወጡበት ጊዜ ከማናችንም ራስ አልወጣም። አልደብቃችሁም፤ ያን ጊዜ ፕሮክተር ነበርኩ። ስለ ፖለቲካው የሚናገር ሞልቷል። እኔ የምናገረው ስለ ልብስ ገመድ ነው።

አትሳቁ። ስለ ልብስ ገመድ ነው።

አንድ ማታ ሁለት ልጆች ቢሮዬ መጡ። ከኋላቸው የእያንዳንዳቸው ደጋፊዎች ኮሪደሩን ሞልተውታል። አንደኛዋ "ማዘር፣ ዘረኛ ናት፤ ዶርም ቀይሪልኝ" ትላለች። ሌላዋ "ራሷ ናት ዘረኛ" ትላለች። በሩን ዘጋሁ፤ ደጋፊዎቹን ውጭ አስቀረኋቸው። ሁለቱን አስቀመጥኩና "ስድቡን ተዉት። ከስድቡ በፊት የነበረውን ንገሩኝ። መጀመሪያ የተቀየማችሁት በምን ነው?" አልኳቸው። ዝም። ረጅም ዝምታ። ከዚያ አንደኛዋ እያፈረች "ልብሷ ይንጠባጠባል" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላይኛው አልጋ ያላት ልጅ ልብሷን አጥባ አልጋዋ ብረት ላይ ታሰጣለች። ውጭ ካለው ገመድ ላይ ልብስ ስለሚሰረቅ አልፈረድኩባትም። ውሃው ከታች በተኛችው ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ቀን ሃንድአውቷን አበሰበሰው። የታችኛዋ ምን አለች? ምንም። ለምን? "እንዴት እንዲህ ላለ ትንሽ ነገር እናገራለሁ፣ ነውር አይደል?" አለችኝ። አልተናገረችም፤ ሰላምታ ግን ቀነሰች። የላይኛዋ ሰላምታው ለምን እንደቀነሰ ከየት ትወቅ? አሰበች፣ አሰበች፣ "በቋንቋዬ ነው የምትጠላኝ" ብላ ደመደመች። ከዚያ ከአገሯ ልጅ ጋር በስልክ ስታወራ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ ትስቃለች። የታችኛዋ ቋንቋውን አትሰማም፤ "እኔን ነው የምታማኝ" አለች። እሷም በተራዋ የአገሯን ልጆች ሰብስባ ማማት ጀመረች። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ሁለት ጎራ ሆነው ነው። ውሃ ነበር እኮ! ውሃው ዘር ሆነ።

በማግስቱ ሲባጎ ገዝተን ክፍሉ ውስጥ ከመስኮቱ ወደ በሩ ወጠርነው፤ ከማንም አልጋ በላይ እንዳያልፍ አድርገን። አለቀ። "ከዚያ የልብ ጓደኛ ሆኑ" እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልሆኑም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ "እንዴት አደርሽ"፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብቻ ነበሩ። ይበቃል። ዶርም ሜት ሁሉ ጓደኛ መሆን አለበት ያለው ማነው? ጓደኛችሁን ሌላ ብሎክ ታገኙታላችሁ። ከዶርም ሜት ጋር የሚያስፈልገው መነጋገር መቻል ነው።

እኛ ቤት ስናድግ የምንማረው ይሉኝታ ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ቤት ውስጥ ይሉኝታ የሚሠራው የሚናገርልን ትልቅ ሰው ስላለ ነው። እናት ዓይታ "ምን ሆንሽ?" ትላለች። አክስት ትታዘባለች። ጎረቤት ያስታርቃል። ዶርም ውስጥ ስድስታችሁም እኩያ ናችሁ፤ ሁሉም ይሉኝታ ይዞት ሌላው እስኪናገር ይጠብቃል። "ዝም አይነቅዝም" ይላሉ አይደል አባቶች? ዶርም ውስጥ ይነቅዛል! ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይኸው ነው፤ እንደ እንግዳ የምትኖሩ ከሆነ የምትችሉትን ሁሉ ችላችሁ፣ ችላችሁ፣ አንድ ቀን በማይሆን ቃል ታወጡታላችሁ።

ስለዚህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማንም ማንንም ሳያስቀይም፣ ስድስታችሁ ተቀመጡ። መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል? ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በላይ የሚያጠና ላይብረሪ ይሄዳል ወይስ ባትሪ ይገዛል? ልብስ የት ይሰጣል? ውሃ ሲጠፋ ጄሪካኑን ማን በተራ ይሞላል? እንግዳ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል? መዝሙርም ይሁን መንዙማ በጆሮ ማዳመጫ ነው ወይስ በድምፅ? ወረቀት ላይ ጻፉትና ከበሩ ጀርባ ለጥፉት። ያፈራችሁ እንደሆነ በእኔ አሳብቡ፤ "ደሴ አንዲት ሴትዮ አድርጉ ብላናለች" በሉ። (ሳቅ)

ደግሞ መነጋገር የሚያመጣው ጥሩ ነገርም አለ። አርሲዋ ሙስሊም ነበረች። ረመዳን የገባው የፈተና ሰሞን ነበርና ለሱሁር ስትነሳ እንድትቀሰቅሰን ለመንናት። በየአልጋው እየሄደች የእግራችንን ጣት ትጎትት ነበር። እሷ ስትበላ እኛ እናጠናለን። በዚያ ሴሚስተር ውጤታችን ከፍ ማለቱን የምናያይዘው ከእሷ ጋር ነው።

ስለ ትኋን ሳልናገር አላልፍም። እናቶች ፊታችሁን አታዙሩ! ትኋን ዶርም ውስጥ አለ። ትኋን የታየ ቀን የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ "ማን አመጣው?" ነው፤ ሁልጊዜም ጣት የሚቀሰረው ከገጠር በመጣችው ልጅ ነው። ትኋኑ ግን ከእናንተ በፊት ነው የገባው። በአልጋው ብረት መጋጠሚያና በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ክረምቱን አሳልፏል፤ ሳይመገብ ለወራት መቆየት የሚችል ፍጥረት ነው። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጡ፤ አንሶላውን በፈላ ውሃ እጠቡ፤ የአልጋውን መጋጠሚያ የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ከሁሉ በላይ ለፕሮክተሩ ንገሩ፤ አንድ ክፍል ብቻ ቢረጭ ወደ ጎረቤት ይሻገርና ይመለሳል፤ መረጨት ያለበት ብሎኩ በሙሉ ነው። ብሎክ የሚያስበላው አፍሮ የደበቀ ዶርም ነው።

ዕቃ ሲጠፋም እንደዚሁ ነው። በእኛ ብሎክ የአንዲት ልጅ ስልክ ጠፋ። ማን ተጠረጠረ? ስልክ የሌላት ልጅ። ሎከሯን አስከፍተው በረበሩት። ቆይቶ ስልኩ ላይብረሪ በር ላይ ጥበቃዎቹ ዘንድ ተገኘ፤ ባለቤቷ ናት እዚያ የረሳችው። የተጠረጠረችዋ ግን በሳምንቱ ዶርም አስቀይራ ሄዳለች። አንዳቸውም ተከትለው ሄደው ይቅርታ አልጠየቋትም። ጎበዝ ተማሪዎች ነበሩ፤ በማዕረግ የተመረቁም አሉባቸው። ዕቃ ሲጠፋ ለፕሮክተር ወይም ለግቢው ጥበቃ አመልክቱ። የማንንም ሎከር ራሳችሁ አትበርብሩ።

አሁን ወደ 2012 ልመለስ፤ ስለጠየቃችሁኝ። ግቢው በታወከበት ሌሊት ኮሪደር ላይ ነበርኩ። የትኛው ክፍል አብሮ እንደቆየ፣ የትኛው እንደተበተነ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ ጄሪካን ተጨቃጭቀው የሚያውቁ፣ እኔ ዘንድ መጥተው ተከራክረው፣ ተኮራርፈው የታረቁ ክፍሎች ነበሩ። አብዛኞቹ ከውስጥ ቆልፈው ስድስቱም አብረው አደሩ። ዓመቱን ሙሉ "ሰላም ነን ማዘር" ሲሉኝ የነበሩ፣ አንድም ቀን ቅሬታ ይዘው መጥተው የማያውቁ ክፍሎች ናቸው በዚያ ሌሊት ሻንጣቸውን ይዘው በየአገራቸው ልጅ ክፍል የተበታተኑት። ሁሉም እንዲህ ሆነ አልላችሁም፤ እኔ ባየሁት ብሎክ ነው። ከውጭ የሚመጣውን ነገርም የልብስ ገመድ አያስቆመውም። ልጆቹ አልጀመሩትም፣ ልጆቹም አይጨርሱትም። ግን ከአልጋችሁ አጠገብ የተኛውን ሰው ማመንና አለማመን፣ ያን ቀን ማታ የሚጀመር ነገር አይደለም።

እንዲህ ያለ ቀን አይምጣባችሁ። ከመጣ ኮሪደር ላይ አትቁሙ፤ ቪዲዮ አትቅረጹ፤ ከሚሮጥ ሰው ጋር አትሩጡ። ለቤት ደውሉና "ደህና ነኝ፣ ዶርሜ ውስጥ ነኝ" በሉ። ያላያችሁትን አታውሩ።

ወላጆችም እባካችሁ! እግዜር ያሳያችሁ፣ በየሰዓቱ እየደወላችሁ "ከእነ እገሌ ራቂ" አትበሉ። ፕሮክተር ሆኜ ከሰማኋቸው የስልክ ጥሪዎች ሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ነበር። ልጅቷ ከእነ እገሌ ጋር በሰላም ሽሮ እየበላች ነው፤ ስልኩን ስትዘጋ ሽሮው ከጉሮሮዋ አይወርድም። "እነማን ናቸው ዶርም ሜቶችሽ? እስቲ አገናኚኝ፣ ሰላም ልበላቸው" በሉ። የአድዋዋ እናት በየሳምንቱ ሲደውሉ ስድስታችንንም በየተራ ሰላም ይሉን ነበር፤ አማርኛቸው ትንሽ ነበር፣ የእኛ ትግርኛ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ምን እንዳሉን ሳናውቅ "እሺ እማማ" እንላለን።

ሦስቱን ጨርሻለሁ ማለት ነው። መንገድ ላይ ያነበብኳት አንዲት ነገር ትዝ አለችኝ፤ በአጭሩ ልበላትና ልቀመጥ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ መንግሥት በሰጠው ነጻ የትምህርት ዕድል ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎች አዲስ አበባ መጥተው ከእኛዎቹ ጋር ይማሩ፣ ይኖሩ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት የኢትዮጵያን ተማሪዎች ካነቃቋቸው ነገሮች አንዱ ከእነዚያ ልጆች ጋር የነበራቸው ውሎና አዳር ነው። የእኛ ልጆች ከሌላ አገር ከመጣ እኩያቸው ጋር ሲያወሩ ነው ስለ ራሳቸው አገር ሌላ ጥያቄ መጠየቅ የጀመሩት። የጅማዋን ዶርሜን ሳስብ ይህ አይገርመኝም። ስለ አድዋ ከታሪክ መጽሐፍ ያላገኘሁትን ከታችኛው አልጋ ነው የሰማሁት።

ይህች ወረቀት ደግሞ አሁን ደርሳኛለች፤ ከአንድ ወላጅ ናት። እንዲህ ትላለች፤ "ልጄ ከደሴ ልጆች ጋር አንድ ዶርም እንድትሆን ማንን ላነጋግር?"

ማንንም አያነጋግሩ። እንዲህ ብለው ሲለምኑኝ የነበሩ ወላጆች ብዙ ነበሩ፤ አልጋ ሲኖር ቀይሬም አውቃለሁ። ምን ሆነ መሰላችሁ? የአንድ ከተማ ልጆችም ልብሳቸው ይንጠባጠባል። መብራትም ያበራሉ። እነሱም ይጣላሉ፤ የእነሱ ጸብ ግን ዶርም ውስጥ አይቀርም። ቤተሰብ ለቤተሰብ ይተዋወቃሉ፣ ወሬው በስልክ አገር ቤት ይደርሳል፣ ከዚያ እናቶቹ ሰኞ ገበያ ላይ ሲገናኙ ፊት ይዟዟራሉ! (ሳቅ) ከሩቅ አገር ልጅ ጋር የተጣላች ልጅ ቢያንስ እርስዎን ከጎረቤት አታጣላም።

ሌላ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ማይኩን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ። እዚያ መስኮቱ አጠገብ ያለሽው፣ አዎ አንቺ፣ ጀምሪ።